«ቆሻሻ ሰቅለው ጥበብ ይሉናል» ላልከው ሰውዬ

የመርካቶ ልጅ፦ ትናንት እዚህ የቻይናዊውን አርቲስት ሹ ቢንግ ሁለት የፊኒክስ (የተረት ወፍ) ቅርፆች ፎቶ አይቶ «ቆሻሻ ሰቅለው ጥበብ ይሉናል» ያለው ሰው በጣም አናዶኛል። እያንዳንዳቸው 30 ሜትር ገደማ ናቸው፣ ቤጂንግ ፎቅ ሲገነባ ከተረፈ ብረትና ከሰራተኛው መሳሪያ ነው የተሰሩት፣ አካፋው ላባ ሆኖ፣ ሄልሜቱ ጉትዬ ሆኖ። ምናለሽ ተራ ሄደህ ቆሻሻ በላቸው እስቲ።

ዴቭ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ያዘዘው እኮ ፎቁን የሚሰራው ባለሀብት ነው፣ ለህንፃው ማሳመሪያ። ሄልሜቱን ያደረገው የቀን ሰራተኛ ምን አገኘ?

ኤልሳ፦ ቆይ፣ ትናንት ቆሻሻ ነው ያልከው፣ ስለ ሰራተኛ አንድ ቃል አልተነፈስክም። ሹ ቢንግ እኮ ሳይቱን ሄዶ ሰራተኞቹ ያሉበትን ሁኔታ ሲያይ ደንግጦ ነው በዛ እቃ የሰራው። ያዘዙት ደሞ አልወሰዱትም፣ የታይዋኑ ባለሀብት ባሪ ላም ነው የገዛው።

ዴቭ፦ ያው ከባለሀብት ወደ ባለሀብት ነዋ!

ፎርማኑ፦ ልጆች እኔ እድሜዬን ሳይት ላይ ነው የጨረስኩት። ሄልሜት ሲያረጅ ጥግ ይጣላል፣ አካፋም እጀታው ሲሰበር እንደዛው፣ ማን ይዞት እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ይሄ ሰውዬ አንስቶ ወፍ አደረገው፣ 2014 ላይ ኒውዮርክ ትልቁ ካቴድራል ውስጥ ሰቀለው፣ ሰው አንጋጦ አየው። እኔን ደስ ብሎኛል፣ ቆሻሻ ስትለው ደሞ ከፍቶኛል።

ዴቭ፦ ጋሼ እርስዎን ማለቴ አይደለም ይቅርታ። ግን አንጋጦ ያየው ሰው የአንድ ሰራተኛ ስም ያውቃል?

ማሂ፦ ፊኒክስ ከአመድ የሚነሳ ወፍ ነው፣ መልእክቱ ግልፅ አይደል እንዴ?

ኤልሳ፦ ማሂዬ እሱ የግሪኩ ነው። የቻይናው አይቃጠልም፣ ወንዱ ፌንግ ሴቷ ሁዋንግ ናቸው፣ ለዛ ነው ሁለት የሆኑት።

ማሂ፦ ታዲያ ለምን ፊኒክስ አሉት? እኔ ያነበብኩት ከአመድ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ አመዱን ተዉትና ወደ ቃሉ ተመለሱ። ዴቭ፣ «ቆሻሻ» ያልከውን ታነሳለህ አታነሳም?

ዴቭ፦ ለጋሼ ብዬ እቃው ቆሻሻ አይደለም ልበል። ጥበብ ነው ግን አላልኩም።

ኤልሳ፦ ለጋሼ ብለህ አይደለም፣ ስለተሳሳትክ ነው!