«ዳሄጅ»ን «ጥሎሽ» ብሎ መተርጎም ልክ ነው?

ተርጓሚዋ፦ በአማርኛ የሚቀርቡ የህንድ ድራማዎችና ዜናዎች «ዳሄጅ»ን «ጥሎሽ» እያሉ ያልፉታል። ያስኬዳል? ካላስኬደስ ምን እንበል?

የቃል ሚዛን፦ አያስኬድም እህቴ፤ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። በእኛ ወግ ጥሎሽ የሚጥለው የወንዱ ወገን ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ወርቁ፣ ጫማው በሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ይታያል፤ ለሙሽሪትም ይሆናል። ዳሄጅ ግን ከሙሽሪት ወላጆች ወጥቶ ለሙሽራውና ለቤተሰቡ የሚገባ ነው። «አማቷ ጥሎሹ አነሰ ብላ አሰቃየቻት» የሚል ዜና ያነበበ አበሻ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ በአማርኛው ጥሎሹን ያመጣው የአማቲቱ ልጅ ነውና። መጀመሪያ ሲነሳ «ዳሄጅ፣ የሙሽሪት ወላጆች ለሙሽራው ወገን የሚሰጡት ሀብት» በሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዳሄጅ ብቻ ይበቃል።

ሰምና ወርቅ፦ እስማማለሁ። የቃሉ ዘር ከዐረብኛ ነው፤ የሙሽራ ዕቃና መሰናዶ ማለት ሲሆን በፋርስኛ በኩል ወደ ሂንዲ ገባ። የደቡብ ህንድ ታሚሎች «ቫራዳክሺናይ» ይሉታል፤ «ቫራ» ሙሽራ፣ «ዳክሺና» ለካህን ወይም ለመምህር የሚሰጥ ስጦታ ነው። ስሙ ራሱ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ይናገራል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው በደቡብ ህንዷ ግዛት በኬረላ ነው። እዚያ ዳሄጅን «ስትሪዳናም» ይሉታል፤ ቃል በቃል «የሴት ሀብት»። በህንድ ሕግ ግን «ስትሪዳን» ሌላ ነገር ነው፦ ሴቲቱ በጋብቻዋ ጊዜ ከወላጅ፣ ከዘመድ፣ ከባል ቤትም ቢሆን ያገኘችው፣ እሷ ብቻ የምታዝበት ንብረት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባል ቢይዘውም እንደ አደራ ጠባቂ እንጂ እንደ ባለቤት አይቆጠርም ብሏል። ስለዚህ ከኬረላ ቋንቋ ከማላያላም ስትተረጉሙ ዳሄጅ፣ ከሕግ ጽሑፍ ስትተረጉሙ «የግል ሀብቷ»። እዚያው ኬረላ የሙሽራ ወርቅ የሚቆጠረው በ«ፓቫን» ነው፤ አንዱ 8 ግራም። «101 ፓቫን» ሲባል 808 ግራም መሆኑ ነው፤ 101 ግራም ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ተርጓሚዋ፦ የሙስሊሞቹስ?

የቃል ሚዛን፦ መህር ከባል ለሚስት ስለሆነ እንዳለ «መህር» በይው። ዳሄጅን የከለከለው የ1961 ሕግም መህርን ከትርጉሙ አውጥቶታል።

ሰምና ወርቅ፦ «ስጦታ» የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ። ድሮ ልብስ፣ ጌጥና የነሐስ ዕቃ የነበረው ዛሬ መኪና፣ ጥሬ ገንዘብ፣ አፓርታማ ሆኗል፤ ቤተሰቦችም ሕጉን ሽሽት «በፈቃዳችን የሰጠነው ስጦታ ነው» ይላሉ። ሕጉ ሳይጠየቅ የተሰጠን ስጦታ ይፈቅዳል፤ ግን በ1985 የወጣው ደንብ ዝርዝር ይጻፍ ይላል፦ የዕቃው መግለጫ፣ ግምታዊ ዋጋው፣ የሰጪው ስምና ዝምድና፣ የሁለቱ ሙሽሮች ፊርማ። የሙሽሪትን ዝርዝር ራሷ ትይዛለች። ተርጓሚ ሁሉንም «ስጦታ» ካለው ወንጀሉ ከነስሙ ይጠፋል። «ለልጅቱ የርስት ድርሻዋ ነው» የሚለውን የቆየ ማመካኛም ስትተረጉሙ አስታውሱ፤ በሂንዱ የውርስ ሕግ ሴት ልጅ ከ2005 ማሻሻያ ወዲህ በቤተሰቡ የጋራ ርስት ላይ ከወንድሟ እኩል ናት።

ተርጓሚዋ፦ «የጥሎሽ ሞት» የሚል ርዕስም ተለምዷል።

የቃል ሚዛን፦ እሱ ከሁሉም የከፋ ነው። ጥሎሽ የደስታ ቃል ነው፤ ይህ የከባድ ወንጀል ስም ነው። በ1986 በወንጀል ሕጉ የገባው ድንጋጌ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሚስቲቱ በተጋባች በ7 ዓመት ውስጥ በቃጠሎ፣ በአካል ጉዳት ወይም ከተለመደው ውጭ በሆነ ሁኔታ መሞቷ፣ ከመሞቷ በፊት በቅርብ ጊዜም በዳሄጅ ምክንያት መንገላታቷ። ቅጣቱ ከ7 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው። «በዳሄጅ ሰበብ የደረሰ ሞት» ቢባል ይረዝማል፤ ግን እውነቱን ይይዛል።

ተርጓሚዋ፦ በስክሪን ግርጌ ጽሑፍ ግን ቦታ የለም፤ ሁለት ሰከንድ ነው ያለኝ።

ሰምና ወርቅ፦ ያኔ ስሙን ተዪውና ግሱን ያዢ። አማቲቱ ምራቷን ስታያት «ምን ይዛ መጣች?» በያት። አንድም እንግዳ ቃል የለበትም፤ ዕቃው ከየት ወደየት እንደሄደም ይታያል።