አስቸኳይ፦ የሕግ ዳታቤዙ አልከፍት አለኝ፤ አዋጅ 410/1996ን እና የሶፍትዌር ውሳኔዎችን ከየት ላግኝ?

ጀማሪ ጠበቃ (ካዛንቺስ)

ጤና ይስጥልኝ። ቢሯችን በክፍያ የሚጠቀምበት የውጭ የሕግ ዳታቤዝ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የይለፍ ቃሌን አልቀበልም ብሏል፤ ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ደግሞ ለደንበኛ የሕግ አስተያየት ማቅረብ አለብኝ። የደንበኛችን የቀድሞ ሠራተኛ ተመሳሳይ አፕሊኬሽን ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል። ጎግልና ኦራክል የተከራከሩበትን የአሜሪካ ውሳኔ ሙሉ ቃል እፈልጋለሁ። የቅጂ መብት ሕጋችንን፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 410/1996ን፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ዳታቤዝ ብፈልገው ምንም አላገኘሁም፤ ከሌላ ድረ ገጽ ባወረድኩት ፒዲኤፍ ውስጥ ደግሞ «የኮምፒውተር ፕሮግራም» ብዬ ስጽፍ «አልተገኘም» ይለኛል። አዋጁ ስለ ሶፍትዌር የሚለው ነገር የለም ማለት ነው? የሰበር ውሳኔ የምታውቁ ካላችሁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።

የኔትወርክ ባለሙያ (ሜክሲኮ)

ብራውዘርዎ ያስቀመጣቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች (ኩኪና ካሽ) አጥፍተው እንደገና ይግቡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ነባር ጠበቃ (ልደታ)

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። የፌዴራል ሕግ የሚታወጀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንደሚደነግገው በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። ዛሬ ወጣቱ ጠበቃ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ከድረ ገጽ ቀድቶ ችሎት ይቆማል፤ ዳኛው የአማርኛውን ሲያነብለት ክርክሩ ይፈርሳል። አንድን አዋጅ ስትጠቅሺ ጋዜጣውን በእጅሽ ይዘሽ፣ የዓመቱንና የጋዜጣውን ቁጥር አይተሽ፣ ማሻሻያ እንዳለውም አረጋግጠሽ መሆን ይገባዋል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ነው፤ ከካዛንቺስ ሩቅ አይደለም።

ተማሪ

እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ ተመሳሳይ ችግር ስላጋጠመኝ መልሱን እከታተላለሁ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ (ስድስት ኪሎ)

እህቴ፣ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አንድ ሆነው ታይተውዎታል። የይለፍ ቃሉን ለጊዜው ይተዉትና ከዓመቱ እንጀምር። የአዋጁ የአማርኛ ዓምድ 410/1996 ሲል የእንግሊዝኛው 410/2004 ይላል፤ የእንግሊዝኛ ዳታቤዞች የመዘገቡት ሁለተኛውን ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት ነው ብለው ግን አያስሉ፤ ከአዲስ ዓመታችን እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ባሉት ወራት የወጣ ሕግ ልዩነቱ ሰባት ነው። ይኸው የ410 ማሻሻያ በአማርኛ 872/2007፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ 872/2014 ነው። ስለዚህ ዓመቱን ትቶ የአዋጁን ቁጥርና ስም ብቻ መጻፍ ይሻላል። ሁለቱን አዋጆች በዊፖ ሌክስ (የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት የሕግ ዳታቤዝ) ኢትዮጵያን መርጠው ቢፈልጉ ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ።

ቀጥሎ የፊደሉ ጉዳይ አለ። ጋዜጣው «የቅጅና ተዛማጅ መብቶች» ይላል፤ ብዙዎቻችን ግን «ቅጂ» ብለን እንጽፋለን። ኮምፒውተርና ኮምፒዩተር፣ ሥራና ስራ፣ ሕግና ህግ፣ አንቀጽና አንቀፅ ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለመፈለጊያው ሳጥን የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ ሁሉንም አጻጻፎች መሞከር ግድ ነው።

ሦስተኛው ፒዲኤፉ ነው። በማውዝ አንድ መስመር ብቻ ለመምረጥ ይሞክሩ። ገጹ በሞላ እንደ አንድ ሥዕል ከተመረጠ ፋይሉ ስካን ነው፤ በውስጡ የሚፈለግ ፊደል የለም። መስመሩ ተመርጦ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው። በሁለቱም ሁኔታ «አልተገኘም» የሚለው መልስ ስለ አዋጁ ይዘት ምንም አይነግርዎትም። ፎንቱ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛው ዓምድ ይፈልጉና አንቀጹን ካገኙ በኋላ ከጎኑ ያለውን አማርኛ ያንብቡ። ስካን ከሆነ ግን የሚፈልጓቸውን ገጾች ብቻ ለይተው በጎግል ድራይቭ ይጫኑና በጎግል ዶክስ ይክፈቱት፤ አማርኛውን ወደ ጽሑፍ ይለውጥልዎታል። ፊደል ስለሚስት ግን ከዋናው ጋር ሳያስተያዩ ወደ ሰነድዎ አያስገቡ።

አዋጁ ስለ ሶፍትዌር በእርግጥ ይናገራል። በአንቀጽ 2 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ትርጉም ይሰጣል፣ ጥበቃ ከሚያገኙት ሥራዎችም ይቆጥረዋል፤ አንቀጽ 14 ደግሞ ስለ ፕሮግራም ማባዛትና ማላመድ ይደነግጋል።

የኩባንያ የሕግ አማካሪ (ቦሌ)

እኔ የምለየው በጥያቄው መነሻ ላይ ነው። የጎግልንና የኦራክልን ውሳኔ ለምን ፈለጉት? እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ 2 ድምፅ በሰጠው ውሳኔ ያሸነፈው ኮድ የወሰደው ወገን፣ ጎግል፣ ነው፤ እርስዎ የሚወክሉት ደግሞ ባለመብቱን ነው። ፍርድ ቤቱ የኦራክል የጃቫ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት ኮድ) በቅጅ መብት ይጠበቃል ወይስ አይጠበቅም የሚለውን ሳይወስን፣ ይጠበቃል ብሎ ታሳቢ አድርጎ፣ ወደ 11,500 የሚጠጋ መስመር መወሰዱ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚፈቀድ አጠቃቀም፣ ነው አለ። የእኛ አዋጅ ልዩ ሁኔታዎችን በየአንቀጹ ዘርዝሮ ያስቀመጠ እንጂ የአሜሪካውን ዓይነት ክፍት መመዘኛ የያዘ አይደለም።

ለጉዳይዎ የሚቀርበው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2012 በመዝገብ ሲ-406/10 የሰጠው ውሳኔ ነው። ኤስኤኤስ የተባለው ኩባንያ ተወዳዳሪው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ሳያይ ተግባሩን አጥንቶ ተመሳሳይ ፕሮግራም ሠራብኝ ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ የፕሮግራም ተግባር፣ የፕሮግራም ቋንቋና የዳታ ፋይል አቀራረብ በኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጅ መብት አይጠበቁም አለ። የእኛም አንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። እንግዲህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው እርስዎ ባልነገሩን ነገር ነው፦ ሰውየው ኮዱን ወስዷል ወይስ ተመሳሳይ ተግባር ያለው ነገር ከባዶ ተነሥቶ ጽፏል? የሥራ ውሉስ ምን ይላል? በአንቀጽ 21 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የፈጠረው ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ ከዳታቤዙ በፊት ውሉን አነብ ነበር።

የኔትወርክ ባለሙያ (ሜክሲኮ)

ካሹን አጠፉት? ካልሆነ በሌላ ብራውዘር ይሞክሩ።

ጀማሪ ጠበቃ (ካዛንቺስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፋይሉ የድሮው ፎንት ነበር፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ ፈልጌ አንቀጽ 14ን አገኘሁት። ካሹን አጥፍቻለሁ፣ ብራውዘርም ለውጫለሁ፣ ዳታቤዙ ግን አሁንም አልከፈተም። የቦሌውን ወንድሜን በተመለከተ፣ ውሳኔውን የምፈልገው ተከራካሪው ወገን ሊጠቅሰው ስለሚችል ነው። ውሉን ደንበኛው ገና አልላከልንም። የሰበሩን ጉዳይ የመለሰልኝ ግን የለም።

ሌላ አባል (ፒያሳ)

ቢሯችሁ ሰሞኑን የኢንተርኔት መስመር ቀይሯል? አንዳንድ ዳታቤዞች ደንበኛን የሚለዩት በይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን በቢሮው የኢንተርኔት አድራሻ ጭምር ስለሆነ፣ አድራሻው ከተለወጠ ወይም ቪፒኤን (አድራሻን የሚሸፍን ፕሮግራም) ከተከፈተ ትክክለኛ ቃል ቢጻፍም ይዘጋል። አዲሱን አድራሻ ለአቅራቢው የሚያሳውቀው ኮንትራቱን የፈረመው ሰው ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ (ስድስት ኪሎ)

የአሜሪካውን ውሳኔ ለማንበብ ክፍያ አያስፈልግም። በጎግል ስኮላር የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ክፍል መርጠው፣ ወይም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መረጃ ተቋም ገጽ፣ የመዝገብ ቁጥሩን 18-956 ብለው ይጻፉ፤ የተቃወሙትን ዳኞች ሐሳብም አብረው ያንብቡ፣ የባለመብቱን ወገን ክርክር በደንብ ያስቀመጠው እሱ ነውና። የአውሮፓው በዩር ሌክስ (የአውሮፓ ኅብረት የሕግ ድረ ገጽ) በነጻ ይገኛል።

ለሰበር ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያሳትማቸውን የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች (ጥራዞች) ይክፈቱ። በውስጣቸው በቃል ከመፈለግ በየቅጹ መጀመሪያ ያለውን፣ በሕግ ዘርፍ የተከፋፈለውን ማውጫ ማንበብ ይፈጥናል። የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ በውል፣ በንግድ ወይም ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ሥርም ተመድቦ ሊገኝ ስለሚችል እነዚያንም ይመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 አንቀጽ 10 መሠረት አስገዳጅ የሚሆነው ቢያንስ አምስት ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም ስለሆነ የዳኞቹን ስም ዝርዝር ይቁጠሩ።

ተማሪው ወንድሜ፣ ለእርስዎ ሌላ መንገድ አለ። በዓለም የሥራ ድርጅት መሪነት እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ጎአሊ የሕግ መጽሔቶችንና ዳታቤዞችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ይከፍታል። የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ግለሰብ ስላልሆነ የዩኒቨርሲቲዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።

ነባር ጠበቃ (ልደታ)

872ን ከ410 ጎን አድርገሽ አንብቢው። አስተያየትሽ የተሻሻለ አንቀጽ እንደ ጸና አድርጎ ከጠቀሰ ሌላው ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የኩባንያ የሕግ አማካሪ (ቦሌ)

ውሉ ሲደርስዎ ምስጢር ስለመጠበቅ የሚናገር አንቀጽ እንዳለው ይመልከቱ። ኮዱ አለመወሰዱ ቢረጋገጥ እንኳ ክሱ በዚያ በኩል ሊቆም ይችላል። ውሉ ደረሰ?