ብሩን የሚነግረኝ አጣሁ፤ የሀብት ልዩነትን በምን ልለካ?

የልማት ጥናት ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። ርዕሴ ከአረብ አገር የሚላክ ገንዘብ ደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ገጠር ውስጥ የሀብት ልዩነትን አስፍቷል ወይስ አጥብቧል የሚል ነው። 160 አባወራና እማወራ ጠይቄያለሁ። ስለ ብር ግን የሚናገር የለም። ከሴፍቲኔት እንሰረዛለን ብለው ይሰጋሉ፤ አልፈርድባቸውም። ቆርቆሮው አዲስ፣ ቡናው እስከ በረካ፣ መልሱ ግን "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልላከችም።"

ስለዚህ ገቢውን ትቼ በሬ፣ በግ፣ ጣሪያ፣ ሶላርና ሞባይል ቆጠርኩ። ከዚያ ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሀብት ኢንዴክስ፣ ማለትም የየቤቱን ንብረት በአንድ ነጥብ የሚያጠቃልል መለኪያ ሠራሁ። የብዙዎቹ ነጥብ ከዜሮ በታች ስለወጣ የጂኒ (ሀብት ምን ያህል እኩል እንዳልተከፋፈለ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ስሌቱ ትርጉም አጣ። አማካሪዬ ደግሞ ያለ ጂኒ አይሆንም ብለውኛል። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ተመልሼ መጠየቅ አልችልም። ንብረቱን በኩታበር ገበያ ዋጋ ወደ ብር ቀይሬ ጂኒ ባሰላ ያስኬዳል?