አስቸኳይ፦ የስካፎልዲንግ እግር ሰመጠ፣ ብሎኬት ልደግፍበት?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን ቶሎ መልሱልኝ፣ ለውጭ ልስን ያቆምነው ስካፎልዲንግ ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ጥግ ላይ ያሉት ሁለት እግሮች ሰምጠው አገኘናቸው፣ ከላይ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። ከስር ብሎኬት ብንከትበት ይይዛል? ልጆቹ ሥራ ጀምረዋል ማቆም አልፈልግም

ቱንቢ፦ ልጆቹ ላዩ ላይ ናቸው?? መጀመሪያ አውርዳቸው ወንድሜ

ጣውላው፦ ጣውላ አንጥፍበት

የድሮ ፎርማን፦ ሁሌም የምለው ነው፣ ሰው ላይ ላዩን እያየ እግሩን ይረሳል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ የአንድ እግር (ቋሚ) ጭነት ሲያርፍበት ድንገት ይፈረካከሳል፣ ጡብና ድንጋይ መደርደርም ያው። ቋሚው ፕሌት (ጠፍጣፋ ብረት) ላይ፣ ፕሌቱ ወፍራም ጣውላ ላይ ይቀመጣል፣ ጣውላው ቢያንስ ሁለት ቋሚ ይያዝ፣ አንዱ ለብቻው እንዳይሰምጥ ማለት ነው

ጠያቂ፦ ፕሌት አለው ጋሼ፣ ጣውላ ነው የሌለው። አፈሩ ደረቅ ነበር እኮ ዝናቡ ነው ያበላሸብኝ

ሙሌት፦ በዝናቡ አታሳብ፣ ዝናብማ ሁሉም እግር ላይ ነው የዘነበው። ጥግ ላይ ብቻ ከሰመጠ ወይ ለመሠረት ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ነው ወይ የጣሪያው ውሃ እዛ ጋ ይወርዳል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ውሃ ሲገባበት ቁጭ ይላል። ውሃውን ካላዞርክ ጣውላውም ይሰምጣል

ጣውላው፦ አልኩ እኮ ጣውላ

ገጣጣሚ፦ ገፍታችሁ ወይ በገመድ ስባችሁ ለማቅናት እንዳትሞክሩ! እግሩ ስር እየተዞረ ከፍታ የሚያስተካክል ጃክ ካለውም ሰው ወይ ጭነት እያለበት አታዙሩት። ሰው ወርዶ ከስሩም ማንም እንዳያልፍ ዙሪያውን እጠር። ደግሞ ዋናውን አልነገርከንም፣ ከህንፃው ጋር ታስሯል? ቁመቱ የታችኛውን ጠባብ ጎን 4 እጥፍ ካለፈ ሳይታሰር ማቆም አይቻልም። ሲስተካከል ጭቃው ተዝቆ ይውጣ፣ አፈሩ ይጠቅጠቅ፣ ጣውላው ሙሉ ለሙሉ መሬት ይንካ፣ ከዛ ከታች ጀምሮ በውሃ ልክና በቱንቢ ይታይ። ይሄን የሚሠራው ግን የገጠመው ባለሙያ ነው፣ ልሳኞቹ አይደሉም

ጠያቂ፦ ሁለት ቦታ በጥቁር ሽቦ ታስሯል

ገጣጣሚ፦ እሱማ ማሰሪያ አይባልም፣ ሽቦ ይለጠጣል። ዘንበል ያለው ላይ ወጥታችሁም አዲስ ማሰሪያ እንዳትጨምሩ፣ ባለሙያው ይምጣና መደገፉንም ማፍረሱንም እሱ ይወስን

ቱንቢ፦ ልጆቹ ወረዱ ወይ?