ጎረቤታችን እናት ላይ ከውጭ እየተቆለፈባቸው ነው፣ ለማን ነው ሚነገረው?

አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምንኖረው አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከጎናችን 80 የሚጠጉ እናት አሉ፣ ጡረተኛ ናቸው፣ አንዷ ልጃቸው ቤይሩት ናት። የዛሬ ዓመት የእህታቸው ልጅ አስታምማቸዋለሁ ብሎ ገባ፣ መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን ጠዋት ከውጭ ቆልፎባቸው ይወጣል ማታ 3 ሰዓት ይመጣል። ባለፈው በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ "ልጄ ውሃ አለሽ?" አሉኝ፣ በምን ላቀብላቸው። የእድር ሴቶች ሲመጡም "ተኝተዋል" ብሎ ይመልሳል፣ ኤቲኤማቸው እሱ ጋ ነው። ባለቤቴ የሰው ቤት ጉዳይ አትግቢ ይለኛል፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ፖሊስ ነው ወረዳ?

ኮስታራው
ምን ትጠብቂያለሽ፣ 991 ደውይ በቃ!

የድሮ የወረዳ ሰው
እህቴ፣ ሰውየው ከደበደባቸው ወይ ራሳቸውን ስተው ከወደቁ አዎ 991፣ አምቡላንስ ደግሞ 907። ካልሆነ ግን ፖሊስ መጥቶ "ተስማሙ" ብሎ ከሄደ በኋላ ልጁ ጭራሽ በሩን ይዘጋዋል፣ አይቼዋለሁ። ወረዳችሁ ሴቶች ህጻናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽ/ቤት ግቢ፣ የአረጋውያንን ጉዳይ ሚይዝ ባለሙያ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የህጻን ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ይሮጣል፣ የአዋቂ ሲሆን "የቤተሰብ ነው" ሊሉሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ስንት ሰዓት ተቆለፈ ስንት ሰዓት ተከፈተ ምን አሉሽ ቀን በቀን ጻፊ፣ የእድሩን ሊቀመንበር ይዘሽ ሂጂ፣ የአካባቢውንም ኮሚዩኒቲ ፖሊስ አሳውቂ። ቤት ለቤት ሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ደግሞ ግፊት ልንለካ ነው ብለው ሲገቡ ማንም አይከለክላቸውም። ድንበር አካባቢ ያላችሁ ሌሎቻችሁም ቤታችሁ አዲስ አበባ ይሁን ሸገር ከተማ መጀመሪያ አጣሩ፣ ቢሮውም ፍርድ ቤቱም ይለያያል።

የጎሮዋ
ቆይ እኔም ልናገር። እኔ እናቴ ላይ ቆልፌ ሰርቻለሁ። የመርሳት በሽታ ነበረባት፣ አንድ ሌሊት በነጠላ ብቻ ወጥታ አስፋልት ዳር አገኘናት፣ ከዛ በኋላ ምን ላርግ፣ ሰራተኛ መቅጠሪያ የለኝ። ጎረቤት ጨካኝ ሲለኝ ነበር። ልጁም ደክሞት ሊሆን ይችላል፣ ቡና ጠርታችሁ ጠይቁት እስኪ። ግን ውሃ ማጣት? እናቴ አጠገብ ፔርሙዝና ዳቦ ሳላስቀምጥ ወጥቼ አላውቅም፣ እሱ ነገር አልገባኝም።

ከለንደን
እኔ እዚህ የአረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ። እዚህ በነሱ 2014 የወጣ ኬር አክት ሚባል ህግ አለ፣ እንክብካቤ ሚያስፈልገውና ራሱን መከላከል ማይችል አዋቂ ጥቃት ወይ ችላ መባል ደርሶበታል ተብሎ ከተጠረጠረ ካውንስሉ የማጣራት ግዴታ አለበት፣ ገንዘባቸውን መውሰድም እንደ ጥቃት ነው ሚቆጠረው። የኛ አገር ወረዳ እንደዛ ይሁን እያልኩ አይደለም፣ አንድ ነገር ግን ተማሩበት፣ መጀመሪያ ሚጠየቁት ባለጉዳይዋ ራሳቸው ናቸው፣ ለብቻቸው፣ ልጁ በሌለበት። ምንድነው ሚፈልጉት? ከላይ ያላችሁት ሁላችሁም ስለሳቸው አወራችሁ፣ ጠይቂያቸው ያለ የለም 😊

ጠበቃው ነኝ
በአጭሩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ (አዋጅ 213/1992) ቀለብ የመስጠት ግዴታ ሚጥለው በወላጅና ተወላጅ እንዲሁም በወንድማማችና እህትማማች መሀል ነው። የእህት ልጅ የለበትም፣ ቤይሩት ያለችው ልጅ አለባት፣ ደውሉላት። ለልጁ ውክልና ሰጥተው ከሆነ ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፣ ውልና ማስረጃ ነው ሚሻረው፣ መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ባለሙያ ቤት ድረስ ሚመጣበት አሰራርም አለ። አእምሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ ግን "ለራሳቸው ብለን ነው" ብላችሁ ያለፈቃዳቸው የትም እንዳትወስዷቸው።

አራተኛ ፎቅ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ በተለይ የለንደኗን። ሰኞ ልጁ ሳይወጣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ገባች፣ እኔም ተከትዬ። እሱን "ታች ድረስ አንዴ" ብላ ባለቤቴ ጋ ላከችው (አትግቢ ሲል የነበረው ራሱ እኮ ነው!)። እማማ ፍጹም ደህና ናቸው፣ የባንክ ሂሳባቸውን ቁጥር በቃላቸው ነው ሚያውቁት። መቄዶንያ (የአረጋውያን መርጃው) ይወስዱኝ ይሆን ብለው ነው ዝም ያሉት፣ መቄዶንያ ያለበት አያት ሰፈር እኮ ቅርብ ነው፣ ሳይረን ሲሰሙ ሁሉ ይደነግጣሉ። ልጁን "አትክሰሱብኝ፣ የእህቴ አደራ ነው" አሉ፣ ሚፈልጉት ኤቲኤሙ እንዲመለስላቸውና አንድ ቁልፍ ጎረቤት ጋ እንዲቀመጥ ነው። ልጁ ቁልፉን ሰጠን፣ ኤቲኤሙን "ነገ" አለ፣ ይሄው አራት ቀን። የወረዳዋ ባለሙያ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ትመጣለች፣ ልጃቸውም በኢሞ ልትገባ ነው።

የድሮ የወረዳ ሰው
ሐሙስን አትጠብቁ፣ ባንኩ ደውሉና እማማ ራሳቸው በአንደበታቸው ካርዱን ያሳግዱ፣ ከዛ ልጁ ሳትጠይቁት ያመጣዋል።