የጾም ወቅት ልምምድ፦ ጠዋት ወይስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ?

ጥያቄው፦ በዓቢይ ጾም የደብረ ማርቆስ ታዳጊ ሯጮች እንደ ሁልጊዜው ንጋት 12 ሰዓት ይሩጡ ወይስ እህል ቀምሰው ማታ?

የማርቆስ ልጅ፦ ንጋት ነዋ! አባቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሲያርሱ አልዋሉም? ምን አዲስ ነገር መጣ?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ አራሽና ሯጭ ለየቅል ናቸው። ከበሬ ኋላ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ስብ ያቃጥላል። ፈጣን ሩጫ ግን በዋናነት የጡንቻ ግላይኮጅን ይፈልጋል። ግላይኮጅን ተያይዞ የተከማቸ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር ነው። የአዋቂ ሰው ጡንቻ ከ400 እስከ 500 ግራም፣ ጉበት ደግሞ 100 ግራም ገደማ ይይዛል። ጡንቻ ሲኮማተር ካልሲየም ይለቀቃል። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞንም ያግዛል። ያኔ ፎስፎሪሌዝ የተባለው ኢንዛይም ክምችቱን እየቆረሰ ለጉልበት ያቀርባል።

የማርቆስ ልጅ፦ ታዲያ ሌሊት ያልቃል ነው የምትይው?

ነርሷ፦ ሌሊት በጣም የሚቀንሰው የጉበቱ ነው። ጉበት ስኳሩን ወደ ደም ይለቃል፣ አንጎልም በዚያ ያድራል። ጡንቻ ግን ግሉኮሱን ወደ ደም የሚያወጣበት ኢንዛይም ስለሌለው ያለውን ለጎረቤት አያበድርም። ስለዚህ ማታ በደንብ የበላ ልጅ ንጋት ላይ እግሩ ባዶ አይደለም።

አሰልጣኝ፦ በይ እንግዲህ፣ ለንጋቱ መሰከርሽ!

ነርሷ፦ ቆይ ጋሼ፣ ችግሩ ከሩጫው በኋላ ነው። ጡንቻ ግሉኮስን በፍጥነት የሚስበው ሩጫው እንዳለቀ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ጨርሶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላ ልጅ ያ ጊዜ ያመልጠዋል። በማግስቱ ደግሞ ከባድ ልምምድ ካለበት ጎዶሎውን ይዞ ይነሳል።

አሰልጣኝ፦ ይሄ እውነት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በአንድ እግር ብቻ የብስክሌት ፔዳል ገፍተው፣ ከዚያ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ በሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሠራው እግር ካረፈው እጥፍ ያህል ግላይኮጅን አከማቸ። ምግቡ ካለ የደከመው ጡንቻ ይስባል።

የማርቆስ ልጅ፦ ያለ ሥጋና ወተት ምን ይስባል?

ነርሷ፦ እረ ተው! እንጀራ፣ ድንች፣ በሶ፣ ቆሎ፤ ሁሉም ካርቦሃይድሬት ነው። ለግላይኮጅን የጾም ገበታ አያንስም። የሚያንሰው ሰዓቱ ነው።

የሯጭ እናት፦ ሁላችሁም ስለ ጡንቻ ብቻ ታወራላችሁ። ልጄን በጨለማ ማን ይመልስልኛል?

አሰልጣኝ፦ እትዬ፣ ከባዱን ልምምድ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ 10 ሰዓት ተኩል እንጀምረው። 12 ሰዓት ሳይሞላ እንበትናለን። በሌላው ቀን ንጋት ላይ ለስለስ ያለ ሩጫ ይበቃል።

የሯጭ እናት፦ 12 ሰዓት ካላችሁ እሺ። ካለፈ ግን እኔው መጥቼ ነው የምወስዳት።

የማርቆስ ልጅ፦ እኔ አሁንም ንጋት ነኝ።