መንግሥት ሳይደርስ በወርቅ ሰፈር መሬቱን ማን ያካፍል ነበር?

የመንዙ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። መዘዞ በኩል ለኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ቆፋሪዎች ማኅበር የውስጥ ደንብ እየረቀቀ ነው፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ወሰን ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ወርቅ ቆፋሪዎች ደንባቸውን ራሳቸው ያወጡ ነበር ይባላል። ዝርዝሩ ምን ይል ነበር?

ችካል፦
ወርቁ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሎማ ላይ የተገኘው በጃንዋሪ 1848 እ.ኤ.አ. ነው። በማግስቱ ወር የአሜሪካ ወታደራዊ ገዥ ሜሰን እስከዚያ ይሠራ የነበረውን የሜክሲኮን የማዕድን ሕግ ሻረ፤ ምትክ ግን አላመጣም። የፌዴራሉ ሕግ የወጣው በ1866 ነው። እስከዚያው የአንድ ሸለቆ ሰዎች ተሰብስበው ሰብሳቢና መዝጋቢ ይመርጣሉ፣ ደንቡን በድምፅ ብልጫ ያጸድቃሉ፤ ከእድር ደንብ ብዙም አይረዝምም። ለአንድ ሰው አንድ ድርሻ፣ ቦታውን መጀመሪያ ላገኘው አንድ ጭማሪ። ወርቁ በበዛበት ድርሻው ጥቂት ጫማ ብቻ ነው፤ በሳሳበት እስከ 100 ጫማ (30 ሜትር) ይደርሳል። ማዕዘኑ ላይ ችካል ይተከላል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዋናው አንቀጽ ግን ሥራ ነው፦ ደንቡ ከወሰነው ቀን በላይ ያልተሠራበትን ድርሻ ሌላው ይይዘዋል። መሬቱ የመንግሥት ስለነበር የያዙት የመሥራት መብት ብቻ ነው። ለታመመ ሰውና ማጠቢያ ውኃ ለጠፋበት ወቅት ብዙ ቦታ ቀነ ገደቡ ይራዘም ነበር። ይህን የረሳ ደንብ በበጋ ይፈርሳል።

ገደል አፋፍ፦
ያ ለአሸዋ ወርቅ ነው። ኔቫዳ ኮምስቶክ ላይ በ1859 በአለት ውስጥ የተዘረጋ የማዕድን ሥር ሲገኝ የላዩ ችካል አልበቃም፤ ሥሩ እየዘመመ ጎረቤት ስር ይገባል፣ ባለቤቱም እየተከተለ ይቆፍራል። ክሱ ለዓመታት ቆየ። መዝገቡም መጠጥ ቤት ይቀመጥ ስለነበር የፈለገ ሰው ይሰርዝ ይደልዝበት ነበር። የመዘዞው ኦፓል ገደሉ ላይ በንብርብር ስለሚገኝ ስፋቱን በገደሉ ፊት ለኩ፤ ወደ ውስጥ ስንት ሜትር እንደሚገባና ወደ ጎን መታጠፍ ክልክል መሆኑን ጻፉ።

ታዛቢ፦
እድር አታስመስሉት። እስር ቤት ስላልነበረ ቅጣቱ ጅራፍ፣ ማባረር ወይም ስቅላት ነበር። ቻይናዎችና ሜክሲኮዎች በብዙ ቦታ ከድርሻቸው ተባረዋል፤ በ1850 የካሊፎርኒያ ግዛት ራሱ በውጭ አገር ቆፋሪ ላይ በወር 20 ዶላር ግብር ጣለ።

የመንዙ፦
መዝገቡን ማን ይያዝ?

ገደል አፋፍ፦
ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ጸሐፊው ጋ፣ አንዱ ወረዳ። ገጹ ቁጥር ይኑረው፣ እርማት በሁለቱም አዋሳኞች ፊርማ ብቻ። የውስጥ ደንብ ፈቃድን አይተካም፤ መጀመሪያ የክልሉን የማዕድን ፈቃድ አውጡ።